አባል ቁጥር ስምንት

ሃያ አምስት ዓመት ሞላን። መጽሔት ይታተም ተባለ፤
«ታሪኩን ጸሐፊው ይጻፍ፣ መዝገቡ እሱ ዘንድ አለ።»
አለ። ሽፋኑ ላብ የጠጣ፣ ጠርዙ የተተለተለ።

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከላውንደሪው በላይ፣ ከካውያው ጋር አልበን አብረን፣
ሰባት ሰው ተሰበሰብን፣ ከዓሣ ሻጩ ወንበር ተበድረን።
መርዕድ ሊቀ መንበር፦ በአፈር ሳይንስ ተመርቆ
የመንገድ ዳር ቴምር የሚያጠጣ፣ ጨረቃን ጠብቆ።
አብዱልመናን ገንዘብ ያዥ፦ የከብት ሐኪም ነበረ፣
ወደብ ላይ ከበርበራ የመጡ በጎችን ሲቆጥር ያደረ።
ጉዲሳ ታክሲ ነጂ፣ ዲግሪው ከመኪናው ኪስ ተወትፎ፤
ትርሐስ የክሊኒክ ተላላኪ፣ ስሟ በየአፉ ተገድፎ።
ሁለቱ ኋላ ጠፉ። እኔ ሰባተኛው፣
«እጅ ጽሕፈቱ ያምራል» ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ፤ በቃ፣ ያው።

አንቀጽ አንድ፦ «አባል ማለት የእርሻ ኮሌጁ ምሩቅ ነው።»
አንቀጽ ሁለት፦ በየወሩ ሁለት መቶ ድርሃም፤ ሳይጎድል፣ በየሰው።
አንቀጽ ሦስት አከራከረን፣ እስከ መግሪብ አዛን ድረስ፦
«አባል ቢሞት ማኅበሩ ይላከው፣ ካገሩ አፈር እስኪደርስ።»
ጉዲሳ ሳቀ፦ «ማን ይሞታል? ሠላሳ አልሞላን ገና!»
ትርሐስ «ይጻፍ» አለች፤ ክሊኒክ ውላ መጥታለችና።

በአምስተኛው ወር ደወለች፣ ሌሊት፣ ሊነጋጋ፦
«አንዲት ልጅ ሬሳ ቤት አለች፤ ዘጠኝ ቀኗ፤ ማንም አልመጣም እሷ ጋ።»
ፓስፖርቷ «ፋጡማ፣ ሃያ ስምንት» ይላል፤ ደላላ ያወጣላት፤
ክንዷ ላይ የተነቀሰው «ዝማም» ነው። አሥራ ዘጠኝ ቢሆናት።

ሰባት ሺህ ድርሃም ነበረን። አብዱልመናን የሣጥኑን ቁልፍ እንደ ጨበጠ፦
«አልከለክልም፤ ግን አንቀጹ ‹አባል› ይላል» አለና ድምፁ ተቆረጠ።
ከታች ካውያው ብቻ ይተነፍሳል።
መርዕድ ነው የተናገረው፣ ጥፍሩ ውስጥ አሸዋ እንዳለ፦
«ጸሐፊ፣ መዝገቡን ግለጥ። ስምንተኛ አባል ጻፍ» አለ።

ጻፍኩ። ያምራል በተባለው እጄ፣ የአባቷን ቦታ ክፍት ትቼ።
«የትምህርት ክፍል?» ይላል ቅጹ፤ ቀና አልኩ፣ ብዕሬን ገትቼ።
ጉዲሳ «ዕፅዋት ሳይንስ» ሲል፣ ትርሐስ አልተቀበለችም፦
«መስኖ በሉት። መስኮት ልትወለውል ወጥታ ነው የወደቀችው፤
ባልዲውን ግን አለቀቀችም።»
«የምረቃ ዓመት?» የያዝነውን ዓመት ሞላሁ፤
ማኅተሙን በትንፋሼ አሙቄ መታሁ።

ጉዲሳ ሜትሩን አጥፍቶ አጀባት፣ እስከ ጭነት መግቢያው በር፤
ሲመለስ ያ ሳቁ አብሮት አልነበር።
ከሰባት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ከግርጌው የአውራ ጣት አሻራ፦
«ልጄ ስትሄድ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። እዚያ ተምራ ኖሯል ለካ!
ወረቀቷን ላኩልን፤ ወንድሟ ግድግዳውን በስንዝር ለካ።»

የቀረውን ለመጽሔቱ ጽፌዋለሁ፦ በስድስተኛው ዓመት በምርጫ ተኮራርፈን
ሁለት ማኅበር ሆነን ከረምን፣ አንዱን ማኅተም ልንሰነጥቅ ተሰልፈን።
በአሥረኛው ለኮሌጁ ማይክሮስኮፕ ላክን፤ ጉምሩክ ሁለት ዓመት ይዞት
ደረሰ፤ ሌንሱን ግን የሆነ ሰው ወስዶት።

አሁን አራት መቶ ነን። በዓሉ ባሕሩ ፊት ለፊት ሆቴል ነው፤ ከረባት እሰሩ ተባልን።
አዲሱ ልጅ ስሞቹን ከኮሌጁ ዝርዝር ጋር በኮምፒውተር ሲያመሳክር፣
«ስምንተኛዋ የለችም፤ ስሕተት ናት፤ ትሰረዝ» አለኝ፣ በትሕትና ሊመክር።

መርዕድ ሞቷል፤ በአንቀጽ ሦስት ላክነው። ትርሐስ ስልክ አታነሣም።
ደብዳቤው ገጽ አርባ ላይ ታጥፎ አለ፤ ያኔ መልስ አልጻፍንም።
መጽሔቱ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።
ዛሬ ሌሊት ጀመርኩት፦ «ይድረስ ለዝማም አባት...»
እጅ ጽሕፈቴ አያምርም።